ከብረታ ብረቱ ሱቅ በላይ

ቱሉ ዲምቱ፣ አደባባዩን አለፍ ብሎ፣
ያላለቀ ሕንፃ፣ ሁለተኛ ፎቅ፣ በሩ ላይ ጥርስ ተስሎ፣
ያ የእኔ ነው።
ከሥሬ ሚስማር ይሸጣል፣ ፌሮ፣ የሽቦ ጥቅል፤
ከጓሮ ሁለት ልጆች የተጣመመ ብረት ሲቀጠቅጡ ይውላሉ፤
ሦስት ምት፣ አራት ምት፣ ቀጥ! «ቀጣይ!» ይላሉ።

ጥርስ ግን እንደዚያ አይደለም።
ጥርስ አጥንት ውስጥ ነው የሚሄደው፣
በወር አንድ ሚሊሜትር ቢቀናው፣
እንደ ኮንዶሚኒየም ተመዝጋቢ
ተራውን እየጠበቀ።

አስካለች መጣች፣ የገላን ክር ፋብሪካ ሠራተኛ፣
የሌሊት ፈረቃ ጨርሳ፣ ዓይኗ ያልተኛ፣
ሶሊያናን አስከትላ።
ልጅቱ ዐሥራ አራት ዓመቷ፣
ጥርሷ ድርብርብ፣ መዳፏ መጋረጃ ለከንፈሯ፣ ለሳቋ፣ ለአንደበቷ።
«እቁብ ወጣልኝ» አለች እናት፣ «ሽቦው ዛሬውኑ ይታሰርላት፤
የተደረበ ጥርስ ይበላል ብለውኛል፣ ሳይነቅዝ ይቅደምላት።»

ዝም አልኩ።
መብራት ሲጠፋ ማታ ማታ በስልኬ የማነባቸው ጥናቶች አሉ፤
ግማሹን ገጽ ራሳቸውን ሲጠራጠሩ ይውላሉ፣ «ማስረጃው ደካማ ነው» ይላሉ።
ሽቦ ያሰሩና ያላሰሩ፣ ከዓመታት በኋላ ሲታዩ፣
በተበላ ጥርስ ቁጥር ብዙም አልተለያዩ።
ለድድም ቢሆን ትርፉ ጥቂት፣ አንዳንዴም ኪሳራ፤
ሥሩ የሚያጥር ጥርስ አለ፣ በብረቱ ዙሪያ ነጭ ነጥብ የሚያፈራ።

ይህ እንዴት ይነገራል፣
የእቁቡ ብር በጥቁር ፌስታል ታስሮ ጠረጴዛዬ ላይ ተቀምጦ?
(የእኔም ኪራይ ሦስት ቀን ነው የቀረው።
መዋሸት ቀላል ነበር።)

«እትዬ አስካለች፣ ሽቦ ከመበላት አያድናትም፤
የሚያድናት ብሩሽ ነው። ሳይቦረሽ ከቀረ፣ ብረቱ ራሱ አይምራትም።
ውሃ በሳምንት ስንቴ ይመጣላችኋል?»
«ማክሰኞ ሌሊት። ከመጣ።
አራተኛ ፎቅ ነን፣ በጀሪካን።»
«እንግዲያው ጠዋትና ማታ አንድ ኩባያ ለጥርሷ ብቻ ይቀመጥ።»
«አንድ ኩባያስ አይታጣም።»

ከዚያ ፌስታሉን ወደ እኔ ገፋ አደረገችው።
«ዶክተርዬ፣ መበላት ያልኩሽ ሰው የሚሰማው ምክንያት ስለሆነ ነው።
ለእቁቡ ሰዎች ‹ልጄ እንድትስቅልኝ› ይባላል?
ይህች ልጅ ክፍል ውስጥ መልሱን እያወቀች እጇን አታወጣም።
እጇ ሥራ ላይ ነው።
አፏን ይዟል።»

ከጥናቶቹ በአንዱ፣ መጨረሻው ገጽ ላይ፣ ትንሽ ሰንጠረዥ ነበረች፤
ስለ ሳቅ፣ ከሰው ስለ መቀላቀል፣ ስለ ራስ ስለሚሰማ ስሜት ታወራለች።
እሷም ብትሆን ኮከብ ተለጥፎባት «ማስረጃው አነስተኛ» ትባላለች።
ዘልዬያት ነበር።

አሰርኩላት።
ዓመት ከዘጠኝ ወር፣ ብሩ በየወሩ እየተቆረሰ፤
ሁለቴ በቆሎ ተነቀለ፣ አንዴ በሸንኮራ ተበጠሰ።
«ቆሎ አልቀመስኩም» ትለኛለች፣
ሽቦው መሃል የሽምብራ ገለባ ተሰንቅሮ እያየሁት።
ሁለት ክረምት መንገዱ ጭቃ ሆነ፤
በፌስታል የታሰረ ጫማ ይዛ መጣች፤ በር ላይ ቀየረች።

የፈታሁላት ቀን፣
በግራ ክራንቻዋ ላይ አንድ ነጭ ነጥብ ቀርታለች።
መዝገቡ ላይ ጻፍኳት፣ ለእናቷም አሳየኋት፣ አልደበቅኩም።
መስታወቱን ሰጠኋት።
ብዙ አየች፣ ምንም አላለች።

ከጓሮ መዶሻው ቆመ። አንደኛው ልጅ የሆነ ነገር አለ፣
ምን እንዳለ አልሰማሁም፤ ሌላው በሳቅ ተንከተከተ፤
ሳቁ በመስኮት ገባና
ሶሊያናም ሳቀች።

እጇ ከልማድ ተነሳ፣
ግማሽ መንገድ ደረሰ፣
ሥራ የተሰናበተ ሰው ማለዳ በፋብሪካው በር እንደሚቆም ትንሽ ቆመ፤
ከዚያ ጆሮዋን አከከ።